ለማንም እንዳትናገሩ ያልኳቸው ቃላት

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳትታዘቡኝ ነው። ነጎድጓድ ሲያጓራ ጆሮዬን ይዤ የምቀመጥ፣ ውሻ ሲጮህ መንገድ የምቀይር፣ በሕልሜ ያየሁት ነገር ሦስት ቀን የሚያስጨንቀኝ ሰው ነኝ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት፣ ወረቀት ላስቲክ የማለብስባትና የስልክ ዕቃ የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እዚያች ውስጥ ተቀምጬ ሰው ሁሉ ብሩን በእጅ ወደማይጨበጥ ነገር እንዲለውጥ ስሰብክ መክረሜን ሳስበው፣ ያቺ ሴትዮ እኔ መሆኔን ማመን ያቅተኛል።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ወጣት አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሰበሰበን ቀን ነው። ስልክ የምንሸጥና የምንጠግን ሰዎችን ነበር የጠራው። ስስ ኮት ለብሶ ስለመጣ የመንዝ ብርድ ጥርሱን እያንገጫገጨው ስለ ክሪፕቶ አስረዳን። ክሪፕቶ ማለት ባንክ የማይጠብቀው፣ በወረቀት የማይታተም፣ ስልክ ውስጥ የሚኖር ገንዘብ ነው አለን። እስከዛሬ ሰው የሚያውቀው ሀብታሞች ሲነግዱበት ነው፤ ከእንግዲህ ግን ሕዝቡ ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለወፍጮ ሳይቀር በእሱ መክፈል አለበት፤ ይህን ለሕዝቡ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ አለን። አንዱ "በሕግ ተፈቅዷል?" ብሎ ጠየቀው። "እየመጣ ነው" አለና ወደሚቀጥለው ነገር አለፈ። እኔ ያቺን መልስ ሳሰላስል አደርኩ። ነገር ግን ባስገባሁት ሰው ልክ ኮሚሽን ነበረው፣ የሱቅ ኪራይም ደርሶብኝ ነበር፤ ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ማንም አልሰማኝም። የሥጋ ቤቱ ባለቤት፣ ገዢ በስልኩ እያነሳ የሚከፍልባትን ምልክት በሩ ላይ ልለጥፍ ስሄድ ቢላዋውን እየሳለ ሳቀብኝ።

"አንቺ ልጅ፣ በጌን አርጄ በአየር ልሸጠው ነው?"

"በአየር አይደለም ጋሼ፣ በስልክ ነው።"

"ስልኩስ በምንድነው የሚሠራው? በአየር አይደለም እንዴ?"

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። አፍሬ ተመለስኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ሳላስገባ ቆየሁ።

በኋላ ግን መንገዱን አገኘሁት፤ ያገኘሁትም ከራሴ ውስጥ ነው። ያኔ የአገሩ መንገድ ያስፈራ ነበር። በግ ሸጦ ብር በጉያው ይዞ ወደ ገጠር የሚመለስ ሰው ቤቱ እስኪገባ ድረስ ወደኋላው እየዞረ ነበር የሚሄደው። እኔም ስለ ክሪፕቶ ማውራቴን ተውኩና ስለ መንገዱ ማውራት ጀመርኩ። "ብር ኪስ ውስጥ ካለ ኪስ ይበረበራል። ይሄኛውን ግን ማን ያየዋል? ማንስ ይዳብሰዋል?" እላለሁ። የሰውየው ፊት ሲለወጥ አያለሁ። እኔ ሌት ተቀን የምፈራውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ስዘረዝርለት፣ ሳልጨርስ ስልኩን አውጥቶ ይሰጠኛል። እውነቱን ለመናገር ክሪፕቶ አልሸጥኩም፤ ፍርሃት ነው የሸጥኩት። ሥጋ ቤቱም ገባ፣ ወፍጮ ቤቱም ገባ፣ ሳሙናና ስኳር የሚሸጡትም ገቡ። የበግ ጸጉር ፈትለው ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እያሠሩ የሚሸጡ አንዲት ባልቴትም ገቡ፤ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ የዓመት ድካማቸውን ሁሉ እዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥ አስቀመጡ። ለጥቂት ወራት በእርግጥም ሠራ። ሰው ጤፉን አስፈጭቶ ስልኩን ወደ ግድግዳው ምልክት ያዞርና "ተከፈለ!" ይላል። እኔም በኩራት እንደተነፋ ጎማ አብጬ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጥብቅ አድርጌ አስተማርኳቸው። እያንዳንዱ ሰው ሲመዘገብ ስልኩ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጠዋል። ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ገንዘቡን በሌላ ስልክ ማውጣት የሚቻለው በእነዚያ ቃላት ብቻ ነው። ቃላቱን ያገኘ ሌላ ሰውም እንዲሁ ገንዘቡን ጠራርጎ መውሰድ ይችላል፤ መልሱልኝ የሚባልበት ቢሮ የለም። አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ስለማይጽፉ ቃላቱን በቁራጭ ወረቀት ላይ የምገለብጥላቸው እኔ ነበርኩ። ገልብጬ ስሰጣቸው ዓይናቸውን እያየሁ "ለባል አይነገርም፣ ለልጅ አይነገርም፣ ለእኔም ደግማችሁ እንዳታሳዩኝ" እላቸዋለሁ።

"ለማንም?" ይሉኛል።

"ለማንም!"

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወረቀቷን አጥፈው እጀታቸው ውስጥ ይከታሉ። እኔም ገብቷቸዋል ብዬ አምን ነበር።

ክረምት ገብቶ ጉሙ ከተማውን ውጦት በዋለ አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ወደ ሱቄ መጡ። እኝህ ሰው የእኔ ብቻ አይደሉም፤ የከተማው እኩሌታ የንስሐ አባት ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻቸውን ይኖራሉ። መስቀል አሳለሙኝና ከኮሮጇቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

"ልጄ፣ እነዚህን ላስቲክ አልብሽልኝ። ቤቴ ያፈሳል፤ እንዳይርሱብኝ ፈራሁ።"

ጨርቁን ፈታሁት። ቁርጥራጭ ወረቀቶች ናቸው። ሠላሳ ይሆናሉ፣ ወይም ይበልጣሉ። በሁሉም ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእኔ ነው።

ክው አልኩ። አንዷን አነሳሁና አሥራ ሁለቱን ቃላት አየሁ፤ ሌላዋንም አነሳሁ፣ እሷም እንደዚያው። አንደኛዋ በበግ ጸጉር ክር ታስራለች፤ የባልቴቷ መሆኗን ወዲያው አወቅኩ።

"አባ፣ ይሄን ማን ሰጠዎት?"

"ሰዎቹ ናቸዋ። ንስሐ ሊገቡ ሲመጡ 'ይሄም ምስጢር ነው፣ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ' እያሉ ሰጡኝ። ምንነቱን አልጠየቅኳቸውም። ይጠየቃል እንዴ?"

"አባ፣ ይሄ ገንዘብ ነው። የከተማው ገንዘብ ነው። ይሄን የያዘ ሰው የሁሉንም መውሰድ ይችላል!"

ወረቀቶቹን አዩዋቸው፤ እኔን አዩኝ፤ ሳቁ። "ገንዘብማ ከሆነ ቤቴን አስከድንበት ነበር" አሉ። ለምኜ ለምኜ "ይመልሱላቸው፣ ካልሆነም ያቃጥሉት" ስላቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ። "አደራ ነው። ባለቤቱ ካልጠየቀኝ አልመልስም፤ ባለቤቱ ካላዘዘኝም አላቃጥልም። አንቺ ላስቲኩን አልብሽ" አሉኝ። እንዳሉኝ አለበስኩላቸው። ማሽኑ ወረቀቱን እየጎተተ ሲያስገባ እያንዳንዷ የምታልፈው በደረቴ ውስጥ ይመስለኝ ነበር።

እሳቸው እንደወጡ ሱቄን ዘግቼ ወደ ሥጋ ቤቱ ሮጥኩ።

"ጋሼ፣ ለማንም አይንገሩ አላልኩዎትም?"

"ለማን ነገርኩ?"

"ለአባ ሰጥተዋል!"

በጣም ገረመው። "አባ ደግሞ ማን ናቸው? የንስሐ አባቴ ናቸው እኮ!" አለኝ። ወደ ወፍጮ ቤቱም ሄድኩ፤ መልሱ አንድ ነው። ሰው ለንስሐ አባቱ የነገረውን ለሰው እንደነገረ አይቆጥረውም። እኔም እዚያው ያደግኩ ነኝ፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ኃጢአታቸውን ለዚያ ሽማግሌ አምነው የሚሰጡ ሰዎች አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለማን ይሰጡ ኖሯል? መልሰው እንዲቀበሏቸው ስለምናቸው ደግሞ "ከእሳቸው ዘንድ የበለጠ የት ይጠበቃል?" እያሉ መለሱኝ። ይባስ ብሎ ነገሩ ቀልድ ሆነ። ገበያ ላይ "የአባ ባንክ" ይባል ጀመር። ቀልድ በሚኒባስ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድና በማን ጆሮ እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። በሩ መቀርቀሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚተኙት ሰውዬ በዓይኔ እየመጡ ምግብ አልበላ አለኝ። አንድ ነገር ቢሆኑ ያስገደልኳቸው እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሰዎች ወደ ሱቄ ገቡ። የአገሩ ሰዎች አይደሉም። ጠዋት ነው፤ ሰው በመንገዱ ይመላለሳል። አንደኛው የስልክ ገመድ ገዛ፣ ዋጋ እንኳ አልተከራከረኝም። ሌላው ክንዱን መደርደሪያዬ ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ ያየኛል። ጃኬቱ በአንድ በኩል ወደ ታች ከብዶ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ምን እንዳለ አላየሁም፤ ሊሆን የሚችለውን ግን ሁሉ አሰብኩ።

"የአባን ቤት ታሳዪናለሽ?" አለኝ። "ባንክ የሆኑትን። በረከት ፈልገን ነው።"

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ወደ ሌላ አቅጣጫ መጠቆምም እችል ነበር። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ጣቴን ቀስሬ አሳየሁ። "ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የጓሳ ሣር ክዳን ያለው የድንጋይ ቤት፣ አጥሩ በአንድ በኩል የወደቀ" አልኩ። ያልጠየቁኝን አጥር ሳይቀር ነገርኳቸው። እንዲሄዱልኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት። አመስግነውኝ ወጡ።

በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ማዶ ካለው ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። እንዳልቸኮሉ ሳይ የባሰ ፈራሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ሱቁን ሳልቆልፍ በጓሮ ወጥቼ በገብስ ማሳዎቹ መሐል ሮጥኩ። ጭቃው አንድ ጫማዬን አስቀረብኝ፤ አልተመለስኩለትም። ጉሙ ውስጥ የማየው ቁጥቋጦ ሁሉ የቆመ ሰው እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ጮህኩ።

አባ ምድጃቸው ላይ ኩበት አያይዘው ዳዊት እየደገሙ ነበር። በአንድ እግር ጫማ፣ እስከ ጉልበቴ በጭቃ ተለውሼ ስገባ ዳዊታቸውን ዘጉት።

"አባ፣ ሰዎች እየመጡ ነው! ወረቀቶቹን ሊወስዱ ነው። ይጎዱዎታል፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይውጡ!"

ማን ቤታቸውን እንዳሳያቸው አልነገርኳቸውም።

ጠበል እንኳ እንደዚያ ተረጋግቶ አይቀዳም፤ ቀስ ብለው ተነስተው ኮሮጇቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ላስቲክ የለበሱትን ወረቀቶች ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"ይሄ ቢቃጠል ሰዎቹ ገንዘባቸውን ያጣሉ?"

"ስልኩ በእጁ ያለ ሰው አያጣም።"

"ስልኩ የሌለውስ?"

የባልቴቷ ስልክ በዚያው ሳምንት እንስራ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። "ወረቀቷ ካለች አንድም ነገር አይጠፋብዎትም" ብዬ ቃል የገባሁላቸው እኔ ነኝ። ይህንኑ ነገርኳቸው። በክር የታሰረችውን ወረቀት ለይተው አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "ይቺን አንቺ ያዣት" አሉ። በነጠላዬ ሥር፣ ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኳት። የቀሩትን በሁለት እጃቸው ሰብስበው እሳቱ ውስጥ ከተቷቸው። ላስቲኩ ተጨማደደ፣ ጥቁር ጭስ ቤቱን ሞላው፤ ሁለታችንም ሳልን። ውጪ የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ።

ሁለቱ ሰዎች ጎንበስ ብለው ገቡ። "ይፍቱን አባ" አሉ። አባ መስቀላቸውን ዘረጉላቸው፤ ተሳለሙ። ይህ ከሁሉም በላይ አስፈራኝ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እንደ ደንቡ ግንባራቸውንም ከንፈራቸውንም አስነክተው መሳለማቸው። ከዚያ ያ ጃኬቱ የከበደው ሰውዬ በሩን በጀርባው ዘጋና ቆመበት።

"ወረቀቶቹን ፈልገን ነው።"

"አቃጠልኳቸው" አሉ አባ፣ ወደ ምድጃው እያመለከቱ።

ሌላው ተንበርክኮ አመዱን በእንጨት ገለበጠው። የቀለጠ ላስቲክ ብቻ ነው ያገኘው። አላመነም። አጎዛውን አነሱ፣ ሣጥኑን ከፈቱ፣ የዳዊቱን ቅጠሎች ሳይቀር አንድ በአንድ ገለጡ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ወረቀቷ ሆዴ ላይ ታቃጥለኝ ጀመር። ባለ ጃኬቱ ሰውዬ ወደ እኔ ዞረና በደንብ አየኝ።

"ይቺ ባለ ሱቋ አይደለችም እንዴ?" አለ። ወደ አባ ዞሮ ፈገግ አለ። "እሷ እኮ ናት ቤትዎን ያሳየችን። አጥሩን ሳይቀር ነገረችን።"

ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አባ አላዩኝም። ዓይናቸው ምድጃው ላይ ነበር።

"ምን ይዘሻል?" አለኝ ሰውየው።

እጄ ወደ ቀሚሴ ሄደ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ልሰጠው ነበር። የዚያችን ባልቴት ዓመት ሙሉ ድካም አውጥቼ ልሰጠው ጣቶቼ ነጠላዬን ገልጠው ነበር።

"ልጄ ናት" አሉ አባ። "እንግዳ ሲመጣብኝ እያሳየች የምታመጣልኝ እሷ ናት። የአንድ እግሯን ጫማ ጭቃ በልቶባት መጥታ ነው። ይልቅ ከመጣችሁ አይቀር እህል ቅመሱ።" ድምፃቸው ደህና ነበር። ሰውየው እሳቸውን አየ፣ ባዶ እግሬን አየ፣ አመዱን ደግሞ አየ። ከውጪ የሰዎች ድምፅ ተሰማ፤ ወደ ማሳ የሚወርዱ ገበሬዎች እየተጨዋወቱ በአጥሩ አጠገብ ሲያልፉ ነው። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ከዚያም ደግመው መስቀል ተሳልመው ወጡ።

ድምፃቸው እስኪርቅ ድረስ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

"አባ" አልኩ። "ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።"

"ሰማሁ።"

"ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይፍቱኝ።"

አንገቴን ደፍቼ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አላሉኝም። ቀና ስል ያንን የቀለጠ ላስቲክ እያዩት ነው።

"ሰው አምኖ የሰጠኝን አደራ ባለቤቱን ሳልጠይቅ እሳት ውስጥ የከተትኩት" አሉ፣ "ለእነሱ አስቤ መሰለሽ? አንቺ ስትነግሪኝ ሞት ታየኝ። በዚህ ዕድሜዬ። ቆብ ደፍቼ። እኔም ፈርቼ ነው፣ ልጄ። አሁን አንቺን እኔ ልፍታሽ?"

መልሴን አልጠበቁም። "በይ ተነሽ፤ መጀመሪያ የባልቴቷን እንስጣቸው፤ ከዚያ በየቤቱ እየዞርን ያቃጠልነውን እንንገራቸው" አሉኝና እንዳነሳቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ስይዘው ከእኔ እጅ ይበልጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።